ደሙን ያወቀ ይከሰሳል፤ ያላወቀስ?

በ1997 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በወራት ልዩነት ተከታትለው መጡ። በጥር ወር የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በመንግሥት የጤና ተቋማት በነጻ መሰጠት ጀመረ። ግንቦት 1 ቀን ደግሞ አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። የዚህ ሕግ አንቀጽ 514 ተላላፊ የሆነ የሰው በሽታን አስቦ ያሠራጨ ወይም ወደ ሌላ ሰው ያስተላለፈ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በዚያን ጊዜ ሁለቱን አገናኝቶ ያየ ሰው ጥቂት ነበር። መድኃኒቱ ለሐኪሞች፣ ሕጉ ለዳኞች ተትቶ በየፊናቸው ሄዱ። ከሃያ ዓመት በኋላ መድኃኒቱ ያኔ ማንም በድፍረት ያልተናገረውን ነገር አድርጎ አሳይቷል፤ አንቀጹ ግን እንደተጻፈ አለ። በመካከላቸው በተፈጠረው ክፍተት የሚጎዱት ከሁሉ በፊት ደማቸውን ተመርምረው፣ መድኃኒታቸውን ጀምረው፣ ኑሯቸውን ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

አንቀጹ ኤች.አይ.ቪ.ን በስም አይጠራም። ሐሳቡ ከቫይረሱ በፊትም የነበረ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ተላላፊ በሽታ ማስተላለፍን በወንጀልነት ይዞት ነበር። አዲሱ ሕግ ሲረቀቅ ግን አርቃቂዎቹም፣ ያጸደቁት የምክር ቤት አባላትም፣ እኛ አንባቢዎችም በአእምሯችን የነበረው አንድ በሽታ ብቻ ነበር። በሽታው ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚዳርግ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። በቸልተኝነት የተፈጸመም ቢሆን ያስቀጣል። አንቀጹ ስለ ኮንዶም የሚለው ነገር የለም። ስለ መድኃኒት አያነሳም። «ነግሬው፣ አውቆ፣ ወድዶ ነው የተቀበለኝ» የምትል ሴት ምን እንደምትባልም አይናገርም። ይህን ሁሉ ለዳኛው ትቶታል።

ዳኛው ታዲያ ወደ አንቀጽ 58 ይሄዳል። በዚያ መሠረት አስቦ አጠፋ የሚባለው ጉዳቱን ፈልጎ ያደረገው ሰው ብቻ አይደለም፤ ድርጊቱ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገባበትም ነው። ቫይረሱ በደሙ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ሳይናገርና ሳይጠነቀቅ ግንኙነት ከፈጸመ፣ በ1997ቱ ዕውቀት ከተመዘነ፣ ከዚህ መረብ የሚያመልጥበት መንገድ ጠባብ ነው። ያን ጊዜ ማወቅና አደገኛ መሆን አንድ ነበሩና።

ከዚህ ሕግ ጀርባ ያለው ቁጣ የውሸት አይደለም፤ እኔም የምጽፈው እሱን ለማጣጣል አይደለም። ጎንደር ውስጥ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ያደገ ሰው ቀባሪ ያጣ ቤት አይቷል። ባል ደሙን እያወቀ ደብቆ አግብቶ፣ ሚስት ነፍሰ ጡር ሆና ስትመረመር ጉዷን የሰማችበትን ታሪክ የማያውቅ ሰፈር የለም። ዛሬ ሙሽሮች ሥርዓተ ተክሊል ሊፈጽሙ ሲሉ ከቤተ ክርስቲያን የደም ምርመራ ማስረጃ አምጡ የሚባሉትም ያ መከራ ካስተማረው ነው። ሴትን ደፍሮ በላዩ ላይ በሽታ ያስተላለፈ ሰው ሕግ ሊይዘው ይገባል፤ ይይዘዋልም። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ተላላፊ በሽታ በተላለፈ ጊዜ የሁለቱም ወንጀሎች ቅጣት ተደራርቦ እንዲፈጸም በግልጽ አስቀምጧል። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሲፈጸም በሽታ የተላለፈ እንደሆነም አንቀጽ 568 እንዲሁ ያደርጋል። እነዚህ ይኑሩ፤ ከዚያም በላይ ይጥበቁ። የእኔ ጥያቄ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በበቀልም በጭካኔም ያልተነሳ፣ ፈርቶ ዝም ያለ ሰው ላይ።

መድኃኒቱ ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ትልቁ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ አንዱ ቫይረሱ ያለበት አንዱ የሌለበት ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ቀድሞ መድኃኒት መጀመር መተላለፍን በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ቀጥሎ የመጡት የአውሮፓ ጥናቶች ከዚያም አልፈው ሄዱ። በ2016 እና በ2019 ውጤታቸው የታተመው ሁለቱ ጥናቶች መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስዱ፣ በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን በመሣሪያ የማይታይ ደረጃ የደረሱ ሰዎችን ተከታተሉ። በመጀመሪያው ጥናት ከ58 ሺህ፣ በሁለተኛው ከ76 ሺህ በላይ ያለ ኮንዶም የተፈጸሙ ግንኙነቶች ተቆጠሩ። በጥንዶቹ መካከል ከቫይረሱ ጋር ከሚኖረው ወደ ሌላኛው የተላለፈ አንድም አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ ይህን ሳያመነታ ይናገራል፤ የማይታይ ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም።

በእኛም አገር ያኔ በቀን ብዙ ፍሬ የነበረው መድኃኒት ዛሬ በቀን አንድ ፍሬ ሆኗል። ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሁኔታው የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሄዳል። ሃይማኖቱም ቢሆን መንገድ ከፍቷል፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ለምእመናን በይፋ መናገራቸው፣ እንጦጦም ሆነ በየአድባሩ መድኃኒቱን ጥለው ጸበል ብቻ ይዘው ለነበሩት ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን አንቀጹንና መድኃኒቱን መካነ ብርሃን ላይ አስቀምጠን እንያቸው።

መካነ ብርሃን የጃናሞራ ወረዳ ከተማ ናት። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው ደባርቅ ተነስቶ ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ የስሜን ተራሮች ፓርክን ሰንጥቆ፣ በሳንቃ በርና በጭነቅ አድርጎ፣ በብዋሒት ሥር ከ4 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ይሻገራል። ገብስ የሚዘራበት፣ በክረምት ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር ነው። መሬቱ ለሁሉም ስለማይበቃ ወጣቱ በመኸር ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ወደ መተማና ወደ ሑመራ፣ ለሰሊጥ አጨዳ። የሚወርዱት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ከዚያ ካላዛር የተባለው በሽታ ይዟቸው የሚመለሱ አሉ፤ የጎንደር ሆስፒታል ሐኪሞች ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ. በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ምን እንደሚያስከትሉ ከማንም በላይ ያውቁታል። የአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2008 ዓ.ም. ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 1.2 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 0.6 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አገኘ። በአማራ ክልል ሴቶችና ወንዶች በአንድነት ሲታዩ 1.2 በመቶ ነበር።

በዚያ አገር ደሙን መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው? ቆላ ወርዶ የተመለሰው ባል አይደለም። ሚስቱ ናት። ስታረግዝ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ትሄዳለች፤ ከሌላው ምርመራ ጋር ደሟም ይመረመራል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ብዙ ሕፃናት ከቫይረሱ ነጻ ሆነው የተወለዱት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ቤቱ ውስጥ «ያወቀች» የምትባለው እሷ ብቻ ትሆናለች። በሕጉ ዓይን እውቀት ያለባት እሷ ናት። ባሏ ተመርምሮ ስለማያውቅ በምንም አይጠየቅም። ቫይረሱን ወደ ቤት ያመጣው እሱ ቢሆን እንኳ፣ ሳይመረመር መቅረቱ በተግባር ከለላ ሆኖለታል። ሴቶች በቁጥር በእጥፍ በቫይረሱ ተይዘው፣ በምርመራ ቀድመው የሚገኙትም እነሱ ሆነው ሳለ፣ «አውቆ ማስተላለፍ» የሚል ሕግ ቀድሞ ማንን እንደሚያገኝ ለመገመት የሕግ ትምህርት አያስፈልግም።

ንገሪው ይሏታል። መናገር ትክክል ነው፤ እኔም እላለሁ። ግን የሚነግሯት ሰዎች መናገር ምን እንደሚያስከፍል ያውቁ ይሆን? በትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያው ውስጥ የትኛው በር የማን እንደሆነ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከአጠገቡ ትቶ ወደ ራቀ ከተማ ሄዶ የሚወስድ ታካሚ በየወረዳው አለ፤ ከጃናሞራ ጎንደር ድረስ። ሄዶ ከተቀበለው ብልቃጥ ላይ ስሙ ያለበትን ወረቀት ይልጣል። ፍሬዎቹ በመኪናው ውስጥ እንዳይንኳኩ ጥጥ ይጠቀጥቅበታል። ይህን ከባለሙያዎቹም ከታካሚዎቹም አፍ መስማት ቀላል ነው፤ ማንም እንደ ልዩ ነገር አያወራውም። ብልቃጡ ቢንኳኳ አጠገቡ የተቀመጠው መንገደኛ ይጠይቃል፤ በሚቀጥለው ገበያ ነገሩ ቤት ይደርሳል። ሴት ከሆነች ደግሞ ከቤት ያስወጣታል፤ መሬቱም ቤቱም በባሏ ወገን ከሆነ ወዴት ትሄዳለች? ዝምታዋን ተንኮል ብሎ መተርጎም ኑሮዋን አለማየት ነው።

ይህች ሴት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች እንበል። በስድስት ወር ውስጥ የቫይረሷ መጠን ወደማይታይ ደረጃ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ባሏን ልታስይዘው አትችልም። በሳይንስ ዓይን ባሏን እየጠበቀችው ነው። በአንቀጽ 514 ግን፣ ባሏ በኋላ ተመርምሮ ቫይረሱ ቢገኝበትና ተቆጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ፣ ካርዷ «ከመቼ ጀምሮ ታውቅ ነበር» ለሚለው ጥያቄ ማስረጃ ይሆንባታል። ለሕክምና የከፈተችው ካርድ መክሰሻዋ ሆነ ማለት ነው። አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ያወጣ ባለሙያን ይቀጣል፤ ፍርድ ቤት ሲያዝ ግን የምስጢሩ በር ይከፈታል። ይህን የሰማች ሌላ ሴት ልትመረመር ትሄዳለች? ያልተመረመረ አይከሰስም። ሕጉ ሳያስበው ለመላው ወረዳ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው።

ማን ለማን እንዳስተላለፈ ማረጋገጥም በቀላሉ የሚሆን ነገር አይደለም። መጀመሪያ የተመረመረ መጀመሪያ የተያዘ አይደለም። የሁለት ሰዎች ቫይረስ በዘር ምርመራ ቢመሳሰል እንኳ አቅጣጫውን፣ ከማን ወደ ማን እንደሄደ፣ በእርግጠኝነት አይናገርም፤ በመሃል ሦስተኛ ሰው ሊኖር ይችላል። ፍርድ ቤት ይህን ሳይሰማ ቢፈርድ ምን እንደሚመጣ ሊቢያ አሳይታናለች። ቤንጋዚ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል ከ400 በላይ ልጆች ቫይረሱ ተገኘባቸው። አምስት የቡልጋሪያ ነርሶችና አንድ ፍልስጥኤማዊ ሐኪም ሆን ብላችሁ አስተላለፋችሁ ተብለው ሞት ተፈረደባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አንዴ፣ በ2006 መጨረሻም ዳግመኛ። በዚያው ወር ሳይንቲስቶች የልጆቹን ቫይረስ መርምረው ሥርጭቱ ተከሳሾቹ ወደዚያ ከመምጣታቸው አስቀድሞ እንደነበረ አሳተሙ። ሰዎቹ የተፈቱት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 ነው፤ ስምንት ዓመት ያህል ከታሰሩ በኋላ። ያ ሁሉ የዓለም ሐኪም የተሟገተለት ክስ ነበር። ለጃናሞራዋ ሴት ማን ሳይንቲስት ይመጣላታል?

የማይታይ ደረጃ መድረሷን የሚመሰክረው የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። ናሙናው በወረዳው ይወሰዳል፤ የቫይረስ መጠን የሚለካው መሣሪያ ግን ያለው በትልልቆቹ ላቦራቶሪዎች ነው፤ ለዚያ አገር የሚቀርበው ጎንደር ነው። ናሙናው ቅዝቃዜውን ጠብቆ ያንን ተራራ ተሻግሮ መድረስ አለበት፤ ውጤቱም ተመልሶ መምጣት አለበት። ሰላም በሆነበት ጊዜም ይህ ከባድ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል ውጊያው ሲቀጥል፣ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ቀጠሮ የደረሰበት ታካሚ ባለበት ቀረ። በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ጃናሞራን ሲመታው መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ለመዋጥ የተገደደም ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባቆመ ጊዜ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የኤች.አይ.ቪ. አገልግሎት ላይ የተሰማሩ ነበሩ፤ ከቀጠሮ የቀረውን ታካሚ ፈልጎ መመለስ የእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ሥራ ነው።

መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰው ቫይረሱ ተመልሶ ይነሳል። መንገዱን የዘጋው እሱ አይደለም፤ ሠራተኛውንም ያባረረው እሱ አይደለም። የመጠኑን ወረቀት ማግኘት ያልቻለውም መሣሪያው ሩቅ ስለሆነ ነው። በዚህ ሰው ላይ ሕጉ «በቸልተኝነት» የሚለውን ቃል ካወጣ፣ የአገርን ጉድለት በአንድ ድሃ ላይ መጫን ይሆናል። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የቸልተኝነት ሐረጉ ከአንቀጹ ሁሉ ይልቅ ያለ ክፋት የኖሩትን ሰዎች የሚነካ ነው።

ሌሎች አገሮች ከዚህ ጋር ሲታገሉ ቆይተዋል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው የኤች.አይ.ቪ. ሕግ ያልተናገረንና ያጋለጠን የሚቀጣ አንቀጽ 24 ነበራት፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤቷ በ2015 ቃላቱ ግልጽ አይደሉም፣ የሰውንም የግል ሕይወት ይነካሉ ብሎ ሻረው። ዚምባብዌ እስከ 20 ዓመት የሚያሳስረውን አንቀጽ በ2022 ሰረዘችው። ከአሜሪካ ግዛቶች ኢሊኖይ በ2021 ሕጓን ጨርሳ አነሳች፤ ካሊፎርኒያ ከዚያ ቀድማ ከከባድ ወንጀልነት አውርዳዋለች። ኡጋንዳ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ ሕግ አውጥታ አስቦ ማስተላለፍን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት ትቀጣለች፤ እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ካናዳን ለብቻ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባት አገር ስለሆነች። እዚያ ደሙን ሳይናገር ግንኙነት የፈጸመ ሰው በከባድ የወሲብ ጥቃት ነው የሚከሰሰው፤ ቫይረሱ ባይተላለፍም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ኮንዶምም ዝቅተኛ የቫይረስ መጠንም በአንድነት ካሉ ብቻ አያስከስስም አለ፤ ከሁለቱ አንዱ መቅረቱ በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ግን የፌዴራሉ ዋና ዐቃቤ ሕግ ለሚያዛቸው ዐቃቤ ሕጎች መመሪያ አወጣ፤ የቫይረስ መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ200 ቅጂ በታች የሆነን ሰው አትክሰሱ የሚል። ሕጉ አልተቀየረም። ፓርላማ አልተሰበሰበም። ዐቃቤ ሕጉ ሳይንሱን አንብቦ እጁን ሰበሰበ።

ለእኛ የሚጠቅመው ይህ መንገድ ይመስለኛል። የወንጀል ሕጉን ማሻሻል ዓመታት ይወስዳል፤ በዚህ ባልተረጋጋ ጊዜ ደግሞ ማን አጀንዳ አድርጎ ያነሳዋል? ለዚያ ሳይጠበቅ፣ መፍትሔው አንቀጽ 58 ራሱ ውስጥ አለ። አስቦ አጠፋ ለማለት ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል ማወቅና ውጤቱን መቀበል ያስፈልጋል። ሐኪሟ «አታስተላልፊም» ያላት፣ መድኃኒቷን የማታቋርጥ ሴት ልታደርስ የምትችለው ጉዳት የለም፤ ስለዚህም የተቀበለችው ውጤት የለም። ያሰበችው ነገር የለም ማለት ነው። ይህን አንድ የሰበር ችሎት ፍርድ በግልጽ ቢጽፈው፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በሁሉም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ስለሆነ፣ ጃናሞራ ወረዳ ፍርድ ቤት ድረስ ይደርሳል። ፍትሕ ሚኒስቴርና የአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮም ከዚያ በፊት ለዐቃቤ ሕጎቻቸው መመሪያ መጻፍ ይችላሉ። መድኃኒቱን የሚወስድን፣ ኮንዶም የተጠቀመን፣ ጥቃት ፈርቶ ዝም ያለን፣ ቫይረሱ ወደ ልጇ የተላለፈባትን እናት አትክሰሱ፤ ያለ ሐኪም ምስክርነትም ክስ አትመሥርቱ ቢሉ አንቀጹ ለእውነተኛው ክፉ ብቻ ይቀራል።

የተታለለውስ ሰው? የባሏ ደም ተደብቆባት ያገባች፣ የሚስቱ ደም ተደብቆበት ያገባ፣ በደል አልደረሰበትም አልልም። ለእሱ የቤተሰብ ሕግ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 13 ላይ የማይድን በሽታን ደብቆ የተፈጸመ ጋብቻ በስሕተት የተሰጠ ፈቃድ ነው ብሎ እንዲፈርስ ይፈቅዳል። ይህ መንገድ ለተበዳዩ ከወህኒ ቤት በር ይልቅ ይቀርበዋል፤ ንብረቱን፣ ልጆቹን፣ ቀሪ ኑሮውን የሚመለከት ነውና። ባሏ ስለታሰረላት ብቻ የዳነች ሴት የለችም።

በ1997 ዓ.ም. መድኃኒት የጀመሩት አዋቂዎች ብቻ አልነበሩም። ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ፤ በየዓመቱም ተጨመሩ። እነሱ ዛሬ ሃያዎቹን ዕድሜ ይዘዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ፣ ባጃጅ ይነዳሉ፣ ሱቅ ይጠብቃሉ፣ ከደጋው ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። ማንንም ሳይነኩ ከእናታቸው ማህፀን የመጣ ነገር ነው የያዛቸው፤ ፍሬያቸውንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ውጠዋል። ብዙዎቹ የማይታይ ደረጃ ላይ ናቸው። አሁን ፍቅር ይይዛቸዋል፣ ሊያገቡ ይፈልጋሉ፣ ለመንገር ቀኑን ይመርጣሉ፣ ይፈራሉ፣ ያዘገያሉ። የሚመክራቸው ነርስ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ማንንም እንደማይጎዱ ያውቃል፤ ይህንኑም ይነግራቸዋል። ፍርድ ቤት ቢቆሙ ዳኛው ይህንኑ ይላቸው እንደሆነ ግን ዛሬ ማረጋገጫ ሊሰጣቸው አይችልም።